ፊትሲ ልግዛ ወይስ አሌክሳ? ፍሎረሰንት አንቲቦዲ ከማዘዛችሁ በፊት

"ፊትሲ ይሻላል ወይስ አሌክሳ?"

ስለ ሁለት ፍሎረሰንት ቀለሞች የሚነሣው ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣልኛል። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ የማስተርስ ተማሪ ነው። ፕሮፖዛሉ ጸድቆ ትንሽ ገንዘብ ተለቆለታል። የአንዱን ካምፓኒ ድረ ገጽ ከፍቶ አንድ አንቲቦዲ በሃያ ዓይነት ቀለም ተደርድሮ ሲያይ ግራ ይገባዋል። እኔ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ማሽንህ ምንድን ነው?"

ብዙዎቹ እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። እኔም በጊዜዬ ዝም ብዬ ነበር። ስለዚህ ከቀለሙ ሳይሆን ከማሽኑ እንጀምር።

ለአዲስ ገቢዎች ነገሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንቲቦዲ፣ በመጽሐፍ አማርኛ ፀረ እንግዳ አካል፣ የምንፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሌላ ፕሮቲን ነው። በራሱ ግን አይታይም። እንዲታይ ብርሃን ሲያርፍበት መልሶ የሚያበራ ቀለም እናጣብቅበታለን። ቀለሙ አንድ ዓይነት ብርሃን ይውጥና ሞገዱ ረዘም ያለ ሌላ ብርሃን ይተፋል። አንዱ ሰማያዊ ውጦ አረንጓዴ ይተፋል። ሌላው ቀይ ውጦ ከዚያ የጠለቀ ቀይ ይተፋል። ጥያቄውም ሁለት ነው። ቀለሙ የሚውጠውን ብርሃን የሚሰጥ ማሽን አላችሁ? የሚተፋውንስ የሚያይ?

ሌዘሩን ቁጠሩ

ፍሎው ሳይቶሜትር ላይ ሴሎች አንድ በአንድ ተሰልፈው በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ማሽኑ ከእያንዳንዱ ሴል የወጣውን ብርሃን ይለካል። ብዙ ቦታ የሚገኘውና ለረጅም ዓመታት ያገለገለው ፋክስካሊበር የተባለው ማሽን በተለመደው አሠራሩ ሁለት ሌዘር አለው፤ 488 ናኖሜትር ሰማያዊና 635 ናኖሜትር ቀይ። በእነዚህ አራት ቀለም ያነባል። ከዚያ በላይ የለም። አዳዲሶቹ ማሽኖች 405 ናኖሜትር ቫዮሌት፣ አንዳንዴም 561 ቢጫ አረንጓዴ ይጨምራሉ።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ነው። አንድ ጓደኛዬ "በጣም ብሩህ ነው" ሲሉት ሰምቶ ብሪሊያንት ቫዮሌት 421 ያለበት አንቲቦዲ አዘዘ። ቀለሙ እውነትም ብሩህ ነው። ነገር ግን በ405 ሌዘር ነው የሚነቃው። የእሱ ማሽን ደግሞ ቫዮሌት ሌዘር የለውም። ዕቃው ወራት ፈጅቶ፣ ጉምሩክ አልፎ፣ በረዶው ቀልጦ ደረሰ። ከዚያ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ አለፈበት። ቱቦው እስካሁን ለማስታወሻ አለ።

ማይክሮስኮፕ ላይም ያው ነው። ፊልተር የሚያዞረውን ቀለበት ከፍታችሁ እያንዳንዱ ኩብ (ፊልተሩን የያዘው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብዙ ቦታ የምታገኙት ሦስት ነው። አንዱ ለሰማያዊ፣ ማለትም ኒውክሊየሱን ለሚያሳየው ዳፒ። አንዱ ለአረንጓዴ። አንዱ ለቀይ። ይህ ከሆነ ምርጫችሁ ዳፒ፣ ከ488 ቤተሰብ አንድ፣ ከሳይ3 ወይም ከ555 ቤተሰብ አንድ ነው። ጉዳዩ እዚያው አለቀ።

አራተኛ ኩብ ካላችሁ ለ647 ቤተሰብ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን የራሴን ጉድ ልናገር። መጀመሪያ ጊዜ በ647 ያቀለምኩትን ስላይድ በዓይን መመልከቻው ለአንድ ሰዓት ያህል ፈለግኩት። ጨለማ ነው። አንቲቦዲውን ረገምኩ፤ ስላይዱን ጣልኩት። በማግስቱ አንድ ቴክኒሻን "ዓይንህ እኮ አያየውም፤ ካሜራውን ክፈት" አለኝ። የ647 ቀለሞች ብርሃን 665 ናኖሜትር አካባቢ ነው። የሰው ዓይን እዚያ በጣም ደካማ ነው። ጥሩ ካሜራ ከሌላችሁ 647 አትግዙ።

አራቱ ቀለሞች በአንድ ቱቦ ደም ውስጥ

የቀለም አመራረጥን በደንብ የሚያስተምር አንድ ምሳሌ ምረጥ ብባል ኤችአይቪ የሚያጠቃቸውን ነጭ የደም ሴሎች የሚቆጥረውን የሲዲ4 ምርመራ እመርጣለሁ። እኛ አገር የኤችአይቪ ሕክምና ሲስፋፋ ብዙ የሆስፒታል ላብራቶሪዎች ፍሎረሰንት አንቲቦዲን በዓይናቸው ያዩት በዚህ ምርመራ ነው። ሥራው 50 ማይክሮሊትር ደም፣ 20 ማይክሮሊትር የአንቲቦዲ ድብልቅ፣ 15 ደቂቃ በጨለማ፣ ከዚያ ቀይ የደም ሴሎቹን የሚያፈርስ ፈሳሽ ነው። አለቀ። ይቺ 20 ማይክሮሊትር ግን ብዙ የታሰበባት ናት።

ሲዲ የሚባሉት ሴል ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ለፋክስካሊበር በተሠራው ባለ አራት ቀለም ድብልቅ የሲዲ3 አንቲቦዲ ፊትሲ የተባለውን ቀለም ይዟል። ሲዲ8 ፒኢ፣ ሲዲ45 ፐርሲፒ፣ ሲዲ4 ደግሞ ኤፒሲ ይዘዋል። ለምን እንዲህ ተደለደሉ?

ከሲዲ45 ልጀምር። ይህ ፕሮቲን ነጭ የደም ሴሎች ሁሉ ላይ አለ፤ በብዛትም አለ። ፐርሲፒ ደግሞ ከአራቱ ደብዛዛው ቀለም ነው። ብዙ ላለ ፕሮቲን ደብዛዛ ቀለም ይበቃዋል። ብሩሁን ቀለም እዚህ ላይ ማዋል ብክነት ነው። ከብክነትም አልፎ ብርሃኑ ወደ ጎረቤት ቻናል (ማሽኑ ሌላውን ቀለም ወደሚያነብበት መስመር) እየፈሰሰ ሌላውን ይረብሻል።

ፊትሲና ፒኢ ሁለቱም በሰማያዊው ሌዘር ይነቃሉ። የፊትሲ ብርሃን 520 ናኖሜትር አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ጅራቱ ግን እስከ ፒኢ ቻናል ይዘልቃል። ስለዚህ ንጹሕ አረንጓዴ የሆነ ሴል ፒኢም ያለበት ይመስላል። ይህን ማስተካከል ኮምፐንሴሽን ይባላል። አንድ አንድ ቀለም ብቻ ያለበት ናሙና እያሳያችሁ ማሽኑን "ይህን ያህል ቀንስ" ትሉታላችሁ። ድብልቅ ስትመርጡ አንድ ሴል ላይ አብረው የሚገኙ ሁለት ፕሮቲኖችን ጎረቤት ቻናል ላይ ባታስቀምጡ ይመረጣል። በተለይ አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ከሆነ።

ኤፒሲ በቀዩ ሌዘር ስለሚነቃ ከፊትሲና ከፒኢ ጋር ብዙም አይጣላም። ሲዲ4ም የጥያቄው ዋና መልስ ነው። ሐኪሙ የሚጠብቀው ቁጥር እሱ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ200 በታች ወረደ ወይስ አልወረደም? ይህን ፕሮቲን ጸጥ ያለ ሰፈር ማስቀመጥ እኔ እንደሚገባኝ ብልህነት ነው። ሌላም ነገር አለ። ሞኖሳይት የሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችም ትንሽ ሲዲ4 አላቸው፤ ሲዲ3 ግን የላቸውም። ስለዚህ ሲዲ4 ብቻውን ቢቆጠር የማይፈለግ ሴል ይገባል። ሲዲ3 አብሮ የሚቀለመው ለዚህ ነው። ሁለቱንም የያዘው ሴል ብቻ ይቆጠራል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፤ ጥቂት ላለው ፕሮቲን ብሩሁን ቀለም፣ ብዙ ላለው ደብዛዛውን ስጡ። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሲያዝ ግን ይረሳዋል። ለሚወደው ፕሮቲን የሚወደውን ቀለም ያዝዛል።

ፒኢ፦ የባሕር ሣር ስጦታ

ፒኢን ለብቻው ላውራው፤ ውለታውም ጣጣውም ብዙ ነው።

ፊትሲም አሌክሳም ትንንሽ ኬሚካሎች ናቸው። ፒኢ ግን ራሱ ፕሮቲን ነው። ከቀይ የባሕር አልጌ ይወጣል። ሥራው እዚያ ለፎቶሲንተሲስ ብርሃን መሰብሰብ ነበር። ውስጡ ከ30 በላይ ብርሃን የሚውጡ ሞለኪውሎች ታጭቀዋል። ከፊትሲ ከ20 እጥፍ በላይ ብርሃን የመዋጥ አቅም አለው። ስለዚህ ጥቂት ፕሮቲን ፍለጋ በፍሎው ሳይቶሜትር ከገባችሁ ፒኢን አስቀድሙ።

ጣጣው ክብደቱ ላይ ነው። 240 ኪሎዳልተን ይመዝናል። አንቲቦዲው ራሱ 150 ነው። ሎሌው ከጌታው ይገዝፋል ማለት ነው። ወደ ሴል ውስጥ ወይም ወደ ወፍራም ቲሹ ለመግባት ይቸገራል። ማይክሮስኮፕ ሥር ደግሞ ዓይናችሁ እያየ ይደበዝዛል። ለማይክሮስኮፕ ፒኢ አትግዙ። ፍሎው ላይ ሴሉ በሌዘሩ ፊት የሚቆየው ለቅጽበት ስለሆነ ችግር የለውም።

ሁለተኛው ጣጣ ቅዝቃዜ ነው። ፒኢም ኤፒሲም በረዶ መሆን የለባቸውም። 4 ዲግሪ ላይ፣ ከብርሃን ተከልለው ይቀመጣሉ። ይህን የተማርኩት አንብቤ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አዲስ የደረሰ ፒኢ አንቲቦዲ "ውድ ነው፣ እንዳይበላሽ" ብዬ ከኢንዛይሞቹ ጋር ሲቀነስ 20 ውስጥ ከተትኩት። በሳምንቱ ሳወጣው ሮዝነቱ ያው ነው። ምንም የሆነ አይመስልም። ማሽኑ ላይ ሳሳልፈው ግን ባለፈው ወር በአሮጌው ቱቦ ያየሁት የግራፍ ጉብታ ዝቅ ብሏል። ሁለት ቀን ማሽኑን ስወቅስ ቆየሁ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ይበቃል። ለጥቂት ሰዓታት ቢሞቅ አይሞትም፤ በረዶ ቢሆን ግን ይሞታል።

ሦስተኛው ሜታኖል ነው። በሴል ውስጥ ያሉ ፎስፎ ፕሮቲኖችን (ፎስፌት የተለጠፈባቸውን) ለማየት ሴሎቹን በሜታኖል የምትበሱ ከሆነ፣ ከሜታኖሉ በፊት የተቀለመ ፒኢና ኤፒሲ ይፈርሳል። ፕሮቲን ናቸውና። እንዲህ ላለው ሥራ አሌክሳን የመሳሰሉት ትንንሾቹ ይሻላሉ። አለበለዚያ ፒኢውን ከሜታኖሉ በኋላ አስገቡት።

ፒኢን ከሌላ ቀለም ጋር አጣምረው የሚሸጡት ጥንድ ቀለምም አለ፤ ፒኢ ሳይ7 አንዱ ነው። ፒኢው ብርሃኑን ይውጣል፣ ለሳይ7 ያቀብላል፣ ሳይ7 በጠለቀ ቀይ ይተፋል። ከአንድ ሌዘር ብዙ ቀለም ለማውጣት ግሩም ዘዴ ነው። ግን ይህ ጋብቻ ይፈርሳል። ብርሃን ካየ ወይም ፎርማሊን ውስጥ ብዙ ካደረ ሳይ7 ሥራውን ያቆማል፤ ያኔ ፒኢው በራሱ ቻናል ማብራት ይጀምራል። የሌለ ፒኢ ታያላችሁ። ይህ ከምልክት ማጣት የባሰ ነው። ውሸት ነውና። ሳይ5 ያለባቸው ጥንዶች ደግሞ ሞኖሳይት ላይ ያለ ፈላጊ እንደመጣበቅ ይላሉ። በእነሱ ሞኖሳይት አትቁጠሩ። ሦስት ወይም አራት ቀለም ብቻ የሚበቃችሁ ከሆነ ጥንድ ቀለም ውስጥ አትግቡ።

ፊትሲ ወይስ አሌክሳ 488

አሁን ወደ ጥያቄው።

ፊትሲ አንጋፋ ነው። አልበርት ኩንስ ሃርቫርድ ላይ በ1941 ባልደረቦቹን ይዞ የመጀመሪያውን ፍሎረሰንት አንቲቦዲ ሲያወጣ የተጠቀመው ቀለም ሰማያዊ የሚያበራ ነበር። ችግሩ ቲሹ ራሱ በተፈጥሮው ወደ ሰማያዊ ያበራል። የትኛው የአንቲቦዲው፣ የትኛው የቲሹው እንደሆነ መለየት አስቸገረ። ወደ አረንጓዴው ፍሎረሲን የዞሩት ለዚህ ነው። ለማጣበቅ የሚቀለው ዝርያ፣ ዛሬ ፊትሲ የምንለው፣ በ1958 መጣ። እስካሁንም አለ። ርካሽ ነው፣ በሁሉም አንቲቦዲ ላይ ይገኛል፣ የማይቀበለው ማሽን የለም።

ድካሙ ሁለት ነው። ቶሎ ይደበዝዛል፤ አሲድም አይወድም። ፒኤች ከ7 ሲወርድ ብርሃኑ አብሮ ይወርዳል። የስላይድ መሸፈኛ ፈሳሻችሁ አርጅቶ አሲድ ከሆነ፣ ወይም ፕሮቲናችሁ ያለው ሊሶዞምን በመሰለ አሲዳማ ጎሬ ውስጥ ሆኖ ሕያው ሴል የምታዩ ከሆነ፣ ፊትሲ ያሳፍራችኋል።

አሌክሳ 488 ይህን ለማረም የተሠራ ነው። የሚውጠውና የሚተፋው ብርሃን ከፊትሲ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያው ሌዘር፣ ያው ፊልተር ይበቃዋል። ከፒኤች 4 እስከ 10 ብርሃኑ አይነቃነቅም። በማይክሮስኮፕ መብራት ሥርም በጣም ይታገሳል። ስሙ የመጣው ከካምፓኒው መስራቾች ልጅ ከአሌክስ ነው ይባላል። ቁጥሩ ደግሞ በግምት የሚነቃበት ሞገድ ነው። ሌሎች ካምፓኒዎችም በራሳቸው ስም ተመሳሳይ 488 ይሸጣሉ። እኔ ከሞከርኳቸው ውስጥ ለዕለት ሥራ የሚያስጠላ አላጋጠመኝም። ስሙን ሳይሆን ቁጥሩን እዩ።

ፍርዴ ይኸው። ለማይክሮስኮፕ፣ በተለይ ኮንፎካል ለሚባለው ባለ ሌዘር ማይክሮስኮፕ፣ ከ488 ቤተሰብ ግዙ፤ ፊትሲን ተዉት። ለፍሎው ሳይቶሜትር፣ ብዙ ላለ ፕሮቲን፣ ፊትሲ ይበቃል። የዋጋ ልዩነቱን ሌላ ነገር ግዙበት።

ቀጥታ ወይስ በሁለተኛ እጅ

ይህ ከቀለም ምርጫ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ቀለሙ ዒላማውን በሚይዘው በመጀመሪያው አንቲቦዲ ላይ ይሁን? ወይስ ያንን አንቲቦዲ በሚይዝ ሁለተኛ አንቲቦዲ ላይ?

ሁለት ምርመራዎችን ጎን ለጎን ላሳያችሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምርመራ ቀጥታ ነው። ከሞተው እንስሳ አንጎል፣ ከአንጎል ግንድና ከሴሬቤለም፣ ስላይድ ላይ ተነክቶ ይነሣል። በቀዝቃዛ አሴቶን ስላይዱ ላይ እንዲጸና ይደረጋል። ፊትሲ የተጣበቀበት ፀረ ራቢስ አንቲቦዲ ይጨመርበትና 37 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ይታጠባል፤ ይታያል። ቫይረሱ ካለ እንደ ጥሬ ፖም ያለ ደማቅ አረንጓዴ ነጠብጣብና አቧራ መሳይ ነገር ጥቁሩ ላይ ተበትኖ ታያላችሁ። የተነከሰ ሰው ውጤት እየጠበቀ ነው። እርምጃው ማነሱ፣ ስህተት የሚገባበት ቀዳዳ መጥበቡ ትልቅ ነገር ነው። የሚፈለገው ቫይረስም አንጎል ውስጥ በብዛት ስላለ የብርሃን ማጉያ አያስፈልግም። ደግሞ ልብ በሉ፤ ስላይዱን የሚሸፍኑበት ግሊሰሮል ፒኤቹ ከ8 በላይ እንዲሆን ይደረጋል። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

የሉፐስ ምርመራ፣ ኤኤንኤ የሚሉት፣ ደግሞ የግድ በሁለተኛ እጅ ነው። እዚህ ላይ የምንፈልገው ራሱ አንቲቦዲ ነው፤ የሕመምተኛው ደም ውስጥ ያለ፣ የራሱን ኒውክሊየስ የሚያጠቃ። ስላይድ ላይ የተለጠፉ ሴሎች ላይ የሕመምተኛው ሴረም ይፈስሳል። ከዚያ ፊትሲ ያለበት ፀረ ሰው አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውን አንቲቦዲ የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ይከተላል። የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ማንም አልቀለመውም፤ ሊቀልመውም አይችልም።

ለምርምር ሥራ ስትመጡ ሁለቱም በር ክፍት ነው። በሁለተኛ እጅ ስትሄዱ አንድ የመጀመሪያ አንቲቦዲ ላይ ብዙ ሁለተኛዎች ይቀመጣሉ፤ ብርሃኑ ይጨምራል። አንድ ቱቦ ፀረ ጥንቸል 488 ገዝታችሁ ከጥንቸል ለወጡ አንቲቦዲዎች ሁሉ ትጠቀሙበታላችሁ። በጀት ለሌለው ላብራቶሪ ይህ ብዙ ነው። ሁለት ሁለተኛ አንቲቦዲ፣ ፀረ አይጥና ፀረ ጥንቸል፣ በሁለት ቀለም ፍሪጅ ውስጥ ካለ የአንድ ዓመት ማይክሮስኮፒ ተሠራ ማለት ነው።

ግን የእንስሳቱን ዘር መቁጠር አለባችሁ። ሁለት ፕሮቲን አብራችሁ ልታዩ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ አንቲቦዲዎች ከሁለት የተለያዩ እንስሳት ይምጡ። የአይጥ ቲሹ ላይ የአይጥ አንቲቦዲ ካስቀመጣችሁ ፀረ አይጡ ቲሹውን ሁሉ ይይዛል፤ መላው ስላይድ ያበራል። ሌላም ወጥመድ አለ። አንዱ የመጀመሪያ አንቲቦዲያችሁ ከፍየል ነው እንበል። እሱን ለመያዝ ከአህያ የመጣ ፀረ ፍየል ገዛችሁ። ሌላውን ለመያዝ ደግሞ ከፍየል የመጣ ፀረ ጥንቸል አላችሁ። አህያው ሁለቱንም ፍየሎች ይይዛል። ሁለቱ ፕሮቲኖች ሁልጊዜ አብረው ያሉ ይመስላል። እንዲህ ያለ "ግኝት" ይዞ ሴሚናር ላይ የቆመ ሰው አይቻለሁ። ሁለተኛዎቹን ሁሉ ከአንድ እንስሳ፣ ለምሳሌ ሁሉንም ከአህያ፣ ግዙ። "ክሮስ አድዞርብድ" የሚል ያለበትንም ምረጡ፤ ሌላ ዘር እንዳይነካ ተጣርቷል ማለት ነው።

ለፍሎው ሳይቶሜትር፣ ከሁለት በላይ ቀለም ላለው ሥራ፣ ቀጥታውን ያዙ። ለማይክሮስኮፕ፣ ከሁለት ወይም ሦስት ፕሮቲን ለማይበልጥ ሥራ፣ በሁለተኛ እጅ ሂዱ። በጣም ረቂቅ ማይክሮስኮፕ ለሚጠቀሙ ብቻ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለት አንቲቦዲ ሲደራረብ ቀለሙ ከፕሮቲኑ 20 ናኖሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። መለያ አቅማችሁ ራሱ 20 ናኖሜትር ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

መፍትሔው ከግመል መጣ። በ1993 ብራሰልስ ያሉ ተመራማሪዎች የግመል ደም ውስጥ ከተለመደው የተለየ፣ ቀላል ሰንሰለት የሚባለው ክፍል የሌለው አንቲቦዲ እንዳለ አሳተሙ። የእሱ ጫፍ ብቻ ተቆርጦ፣ 15 ኪሎዳልተን ሆኖ፣ ናኖቦዲ ተባለ። የተለመደው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ነው። አፋርና ሶማሌ ክልል ያን ያህል ግመል ይዘን በዚህ ወደኋላ መቅረታችን ሁልጊዜ ያበሳጨኛል። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

የትኛው አንቲቦዲ?

ፖሊክሎናል አንቲቦዲ ከአንድ እንስሳ ደም የተቀዳ ድብልቅ ነው። ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ግን ያ እንስሳ ሲሞት ያ አንቲቦዲ አብሮ ያበቃል። ሞኖክሎናል ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 ባወጡት ዘዴ ከአንድ የሴል ዘር የሚመጣ ነው። ሪኮምቢናንት ደግሞ ጂኑ ተነቦ በፋብሪካ ሴል የሚመረት ነው። ዛሬ የገዛችሁትና ከአምስት ዓመት በኋላ የምትገዙት አንድ ይሆናል። ዋጋው ከተቀራረበ ሪኮምቢናንቱን ውሰዱ። ለሁለተኛ አንቲቦዲ ግን ፖሊክሎናል ምንም አይደለም፤ እንዲያውም ይመረጣል።

ቀለሙን ራሳችሁ የምትለጥፉበት ኪትም አለ። የፈለጋችሁት አንቲቦዲ በፈለጋችሁት ቀለም ከሌለ ይጠቅማል። ብቻ አንቲቦዲው የተቀመጠበትን ፈሳሽ አንብቡ። ትሪስ፣ ግላይሲን ወይም ቢኤስኤ ካለበት ቀለሙ እነሱ ላይ ይለጠፋል። ብዙ ቀለም መለጠፍም አይጠቅምም። በአንድ አንቲቦዲ ከሦስት እስከ ስድስት ገደማ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ቀለሞቹ እርስ በርስ ብርሃን ይሻማሉ፤ አንቲቦዲውም መያዝ ያቅተዋል።

ዌስተርን ብሎት ላይ ፍሎረሰንት ያስፈልጋል?

ዌስተርን ብሎት ፕሮቲኖችን በመጠን ለይቶ ሜምብሬን በሚባል ስስ ወረቀት መሳይ ነገር ላይ የሚያሳይ ዘዴ ነው። ባጭሩ፣ አብዛኞቻችሁን ፍሎረሰንት አያስፈልጋችሁም። ፕሮቲኑ አለ ወይስ የለም ለማለት ኤችአርፒ በሚባል ኢንዛይምና በኬሚካል ብርሃን የሚሠራው አሮጌው ዘዴ ስሜቱ ስለታም ነው፤ ርካሽም ነው። ፍሎረሰንት የሚያዋጣው ሁለት ፕሮቲኖችን በአንድ ሜምብሬን ላይ ማወዳደር ስትፈልጉ ነው። ለምሳሌ ፎስፎውን ከጠቅላላው ጋር። ምልክቱ አይሸሽም፤ በማግስቱ ደግማችሁ ታነቡታላችሁ። ነገር ግን ለእነዚህ ቀለሞች የተሠራ አንባቢ ማሽን ይፈልጋል። ሜምብሬኑ ላይም በእስክሪብቶ አትጻፉ። ቀለሙ ራሱ ሊያበራ ይችላል። እርሳስ ተጠቀሙ።

ለገንዘባችሁ ስትሉ

በፎርማሊን የቆየ ቲሹ፣ በተለይ የጉበትና የአንጎል፣ አረንጓዴው ላይ በራሱ ያበራል። በዕድሜ የሚጠራቀም ሊፖፈሲን የሚባል ቅባት አለ። ምንም አንቲቦዲ ያልነካው አንድ ስላይድ ሁልጊዜ አስቀምጡ። እሱ የሚያበራ ከሆነ አንቲቦዲ ከመቀየር ይልቅ ወደ ጠለቀው ቀይ ሂዱ። ሌላ ስላይድ ላይ ደግሞ ሁለተኛውን አንቲቦዲ ብቻ አድርጉ። ለፍሎው ሳይቶሜትር ከሁሉም ቀለም አንዱ ብቻ የጎደለበት ቱቦ ጥሩ ነው፤ ያበራውን ሴል ካላበራው የሚለየውን መስመር የት እንደምትቆርጡ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የሞቱ ሴሎችን የሚለይ ቀለምም አትርሱ፤ የሞተ ሴል ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል። ለኮንትሮል፣ ማለትም ለእነዚህ ማነጻጸሪያዎች፣ ገንዘብ ካልተረፈ የአንቲቦዲውን ቁጥር ቀንሱ እንጂ ኮንትሮሉን አትቀንሱ።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለውን መጠን አትመኑ። "ለአንድ ምርመራ 5 ማይክሮሊትር" ብሎ ይጽፋል። የሚጽፈው ሻጩ ነው። ዕቃው እንደደረሰ 5፣ ከዚያ 2.5፣ ከዚያ 1.25፣ ከዚያ 0.6 እያላችሁ በአንድ ዓይነት ሴል ላይ ሞክሩ። ፕሮቲኑ ያለበትና የሌለበት ሴል በጣም የሚራራቁበትን መጠን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ 5 አይደለም። ሲበዛ የሌለበትም ሴል ማብራት ይጀምራል፤ ልዩነቱ ይጠባል። አንዴ እንዲህ ሞክሬ 1.25 በቃኝ፤ የ100 ምርመራ ቱቦ 400 ሆነልኝ። መጠኑንና ቀኑን ክዳኑ ላይ በማርከር ጻፍኩ፣ በፎይል ጠቀለልኩት፣ ከፍሪዘሩ ርቆ ፍሪጁ በር አጠገብ ካለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት።